ግልብጥ ቋጠሮ

በዚያ አዳራሽ ውስጥ አባቷን «አባዬ» ማለት ክልክል ነበር። ስካርፉን አንገቱ ላይ ካሰረ አለቃ ነው፤ አለቃ ደግሞ «እርስዎ» ይባላል። ቤት ሲሆን አንተ፣ የስካውቶቹ አዳራሽ ሲሆን እርስዎ። እሱን እንኳ ይሁን ብላ ችላው ነበር። ያልቻለችው ሌላ ነው።

ግድግዳው ላይ አንድ ጣውላ ተሰቅሏል፤ ጣውላው ላይ ስካውት ማወቅ ያለበት ቋጠሮ ሁሉ በተራ ተቸንክሯል። አባቷ በዚህ ጣውላ ነው የሚምለው። ቋጠሮህ ጣውላውን ከመሰለ አለፍክ፣ ካልመሰለ ወደ ወንበርህ። ሴት ልጁ ደግሞ ግራኝ ናት። ወገብ ላይ የሚታሰረውን የማዳኛ ቋጠሮ ስትሠራ ትንሽ ቀለበት ታበጃለች፣ ጫፉን ከሥር አሾልካ ታወጣለች፣ በዋናው ገመድ ጀርባ ታዞርና መልሳ ቀለበቱ ውስጥ ትከተዋለች። ሁሉም ልክ ነው፤ መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ነገር ቀኙ ግራ መሆኑ ብቻ ነው። ቢጎትቱት አይንሸራተት፣ ቢወዘውዙት አይላላ።

«ግልብጥ ነው» ይላል አባቷ፤ ይፈታዋል። እንዲህ እያለ ሁለት ጊዜ በሰው ፊት ጥሏታል። ዛሬ የመጨረሻው ፈተና ነው። ያለፈ ነገ ወደ ተራራው ካምፕ ይወጣል፣ የወደቀ ቤቱ ይቀመጣል፤ እሷ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ስለዚያ ተራራ ስታወራ ነው የከረመችው።

ተፈታኙ ገመዱን ወገቡ ላይ ራሱ ያስራል፣ አለቃው ቋጠሮውን ያያል፣ ከዚያ ከፎቁ በረንዳ ቁልቁል ያወርደዋል። ገመዱ የበረንዳውን ብረት ሁለት ጊዜ ዞሮ አለቃው እጅ ላይ ያልቃል። ከታች ፍራሽ ተነጥፏል።

ተራዋ ሲደርስ ቋጥራ ቀጥ ብላ ቆመች። አባቷ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ይኸውላችሁ! ዛሬም ግልብጥ!»

«ይጎትቱት። ከተፈታ ስካርፌን ራሴ አወልቃለሁ።»

«ልጎትተው አላልኩም። እንደ ሰው በቀኝ እጅሽ ሥሪው ነው ያልኩት።»

እንደ ሰው! ደሟ ፈላ። እሷ ታዲያ ምንድን ናት፣ ጦጣ? ከኋላዋ አንዱ ሳቁን በአፍንጫው ለቀቀ። አባቷ እንደ ልማዱ ሊፈታው እጁን ሲዘረጋ ትዕግሥቷ አለቀ፤ ብረቱን ተሻገረችና ራሷን ለቀቀች።

ገመዱ ብረቱ ላይ እያፏጨ ሮጠ። ከዚያ በአየር ላይ ቀጥ አለች። ቋጠሮው ንቅንቅ አላለም። ቀና ስትል አባቷ ፊቱ አመድ መስሎ ገመዱን ጨብጧል። የጨበጠው በግራ እጁ ነው። ቀኙ ብረቱ ላይ ሙጭጭ ብሏል።

ቀስ አድርጎ አወረዳትና ደረጃውን እየዘለለ መጣ።

«አብደሻል? ልትሞቺ ነበር እኮ!»

«ቋጠሮው ይዟል።»

«ግልብጥ ነው! ወድቀሻል፤ ነገ የትም አትሄጂም!»

«አባዬ!» አለች፣ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማ። «በየትኛው እጅህ ነው የያዝከኝ?»

እጁን አየ። ገመዱ መዳፉን ልጦታል። ሲንተባተብ አይታው አታውቅም ነበር፤ ያኔ ተንተባተበ።

«አባቴ… ይቺን እጅ ከወንበር ጋር እያሰረ ነው ያሳደገኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው እንዳይስቅብሽ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ሌላ ቀን ቢሆን አንጀቷን ይበላት ነበር። አሁን ግን ጭራሽ ባሰባት። ባያውቅ ኖሮ ባላወቀ ትለው ነበር። እሱ ግን ያውቃል። እጅ ታስሮ መዋል ምን እንደሆነ ከሷ በላይ ያውቃል፤ እያወቀ ነው ሰው ፊት ያቆማት፣ እያወቀ ነው ያሳቀባት።

«እያወቅከው?» አለችው። «ምን እንደሚመስል እያወቅከው?»

ዓይኗን ሽሽት አቀረቀረና ገመዱን ከወገቧ ሊፈታላት ቀኝ እጁን ሰደደ። ገፋችው።

«በሱ አይደለም» አለች። «በግራህ ፍታው።»