ላኪው ብቻ የሚያየው

...ሦስተኛውን ምርጫስ ማን ጨምሪ አላት፣ አለቃዋ፣ አዎ አለቃዋ፣ እሷ ስትነድፈው ሁለት ብቻ ነበር፣ ይለፍ ወይም ይመለስ፣ የምትሠራው የመልእክት መለዋወጫ ሶፍትዌር ላይ ገጽ የከፈተ ሁሉ የራሱን ማጣሪያ ስክሪፕት፣ አጭር የኮምፒውተር ትእዛዝ፣ ጽፎ ይሰካል፣ ስክሪፕቱ የመጣውን መልእክት አይቶ ይፈርዳል፣ አለቀ። አይ፣ አላት አለቃዋ፣ ይደበቅ የሚልም ይኑር፣ ላኪው የራሱን ያያል ሌላው አያይም፣ ጭቅጭቅ የለ ምን የለ። ጎሽ ተብላ ሠራችው። እጇን ይቁረጠውና አሳምራ ሠራችው።

አሁን ለአዲሱ ሥሪት መሞከሪያ ይሆነኛል ብላ የተደበቁትን ክምር ብትከፍት ማንን ታያለች፣ አባቷን። ፍሬን፣ አለህ ወይ። ፍሬን፣ አለህ ወይ። ፍሬን፣ አለህ ወይ። በየቀኑ፣ ያችኑ ቃል፣ ፍሬን ለሚሉት ጓደኛው፣ የጡረተኛ ሾፌሮች ገጽ ላይ። የገጹ ኃላፊ ማስታወቂያ የሚያዥጎደጉዱትን ልያዝ ብሎ፣ አንድ ነገር የደጋገመ ሁሉ ይደበቅ የሚል ስክሪፕት ሰክቷል፣ ማን ይፈርድበታል፣ መሰኪያውን የሰጠችው እሷ።

ከግድግዳው ማዶ ሳል። ሽማግሌው ሳሎን ስልኩን ታቅፎ ተቀምጧል፣ ምሳውን አልነካም፣ ትናንትም አልነካም፣ ያ የድሮው ስልክ ከነቁጥሮቹ ከተሰረቀ ወዲህ ጓደኛውን የሚያገኝበት ይቺው ገጽ ብቻ ናት። ልጄ፣ ይሄ ነገር ግን ይደርሳል? ይደርሳል አባዬ፣ ይኸው ተለጥፎ እያየኸው። ታዲያ ምነው ዝም አለኝ፣ ምን በደልኩት፣ ሠላሳ ዓመት አንድ ተሳቢ የነዳን ሰዎች። ካልፈለገህ ተወው፣ ብላዋለች አንዴ ቸኩላ፣ ወይ ምላሴ፣ ፊቱ እንዴት ጥቁር አለ፣ ከዚያ ወዲህ ነው አኮረፈኝ፣ አኮረፈኝ እያለ ብቻውን የሚያወራው፣ በቁሙ እያለቀ ነው፣ ሐኪም ቤት ብትወስደው ዕድሜ ነው አሏት። ዕድሜ! የምን ዕድሜ፣ እሷ ናት እንጂ።

ክምሩን ወደ ታች ትስበዋለች። ቆይ። ይሄ ደግሞ ማነው። አንተ ሽማግሌ የት ገባህ። አንተ ሽማግሌ የት ገባህ። ላኪው ፍሬን። ፍሬን! ቁልቁለት ላይ እንኳ ፍሬን አልይዝ ስላለ ፍሬን ያሉት ሰውዬ፣ አባቷ ስሙን ባነሳ ቁጥር በሳቅ የሚፈርስበት፣ እሱም ሲጣራ ኖሯል፣ እሱም ተደብቋል፣ ሁለት ሽማግሎች አንድ ገጽ ላይ፣ እያንዳንዱ የራሱን ጥሪ ብቻ እያየ። መጨረሻው ላይ ቁጥር አለ፣ ልጄ ቤት ነኝ፣ በዚህ ደውልልኝ ይላል።

እፎይ፣ አላኮረፈም። ልቀቅ የሚለውን ትጫናለች፣ የሁለቱንም፣ ሁሉንም፣ ቁጥሩንም ትደውላለች፣ በድምፅ ታገናኛቸዋለች፣ ዛሬ ይበላል፣ ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል።

ሄሎ፣ ማን ልበል፣ የሴት ድምፅ ነው። አባትሽን ፈልጌ ነበር እህቴ፣ የድሮ ጓደኛው ልጅ ነኝ፣ የተሳቢው። ውይ የኔ እናት፣ አልሰማችሁም እንዴ፣ አባዬ እኮ ክረምቱ ሳይወጣ አረፈ። እስከ መጨረሻው ጓደኛዬ ናቀኝ እንዳለ።

እግዜር ያጥናሽ፣ ትላለች፣ ሳሎን ደግሞ የተለቀቁት መልእክቶች እየገቡ የአባቷ ስልክ ይጮኻል፣ እንደገና ይጮኻል፣ እንደገና፣ መልሺው፣ ያዢው፣ አይያዝም፣ የወጣ ወጣ፣ የተለቀቀ ሁሉ የዛሬን ቀን ለብሶ ነው የሚወጣው፣ ተደብቆ እንደነበር እንዳይነቃበት፣ ይሄኛው የአለቃዋ ሐሳብ አይደለም፣ የራሷ ብልጠት ነው።

ልጄ! ነይማ! ጻፈልኝ፣ አሁን፣ ይሄ ከይሲ፣ የት ገባህ ይለኛል እኮ፣ እኔን! ይስቃል፣ ሳሉ ያቋርጠዋል፣ ደግሞ ይስቃል፣ ወንበሩ ይንቋቋል፣ ነጠላ ጫማው እየተጎተተ ይመጣል፣ በሩን ገፋ አድርጎ ስልኩን ይዘረጋላታል፣ ቁጥሩንም ልኮልኛል፣ በይ ደውዪልኝ፣ በሳቅ እንባ ዓይኔ አያይልኝም፣ ጆሮዋ ላይ ደግሞ ያቺ ሴት አልዘጋችም፣ ሄሎ፣ እህቴ፣ ይሰማል፣ አባትሽስ ደህና ናቸው