የሶርሊ ዜማ ማብቂያ

ፋርካር በንግሥቲቱ መስኮት ሥር ባግፓይፕ የሚባለውን ባለከረጢት ዋሽንት መንፋት ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። በየማለዳው፣ ቁርስ እስኪነሣ፣ ሩብ ሰዓት። ዝናብ ቢዘንብ ሩብ ሰዓት፤ በረዶ ቢጥልም ያው ሩብ ሰዓት። የብር ቁልፍ የተደረደረበት ልብሱ ያምርበታል። ያማረ ልብስ ደግሞ ሰውን ያሞኛል።

በመስከረም መጀመሪያ ከትውልድ ቦታው፣ ከስካይ ደሴት፣ ደብዳቤ መጣለት። የጻፈችው የአጎቱ የሶርሊ ልጅ ማርሳሊ ናት። «አባዬ ደክሟል። ማብቂያውን ሊሰጥህ ይፈልጋል። ቶሎ ና» ይላል፤ ሌላ ነገር የለበትም።

በቤተሰባቸው፣ ወረቀት ላይ ሰፍሮ የማያውቅ አንድ የሙሾ ዜማ አለ። አስተማሪው «ሂሃሪን፣ ሆዲን» እያለ በአፉ ያዜመዋል፣ ተማሪው ይቀበለዋል፤ ሰባት ትውልድ የዘለቀው እንዲህ ነው። ማብቂያው ግን በሞት አልጋ ላይ ብቻ ይሰጣል፤ ተቀባዩም መጀመሪያ የሚነፋው በሰጪው መቃብር ላይ ነው። ፋርካር ሌላውን ሁሉ ያውቃል። ሠላሳ ዓመት የጠበቀው ይቺን ማብቂያ ነው።

ወደ ግቢው አዛዥ ሄደ።

«ጌታዬ፣ አጎቴ ሊሞት ነው። ፈቃድ ይስጡኝ።»

«ለአደን የመጡት እንግዶች ሐሙስ ይሄዳሉ፤ ያኔ ትሄዳለህ» አለው አዛዡ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። «ደግሞ አጎት እኮ ነው፤ አባትህ አይደለም።»

ልብሱን አውልቆ መሄድ ይችል ነበር፤ በሩን የቆለፈበት የለም። እሱ ግን ሽማግሌው አራት ቀን አያቅተውም ብሎ ራሱን ሸነገለ። አራት ማለዳ ለአደን እንግዶች ቁርስ ማጀቢያ ነፋ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንደዚህ ዓይነቱ ነው።

ሲደርስ ሶርሊ ሬሳ ሳጥን ውስጥ ነበር። ማርሳሊ የአጃ ገንፎ አቀረበችለት፤ አልቀመሰውም።

«ይዞት ሞተ?»

«አልያዘውም። ሁለት ቀን በሩን በሩን ሲያይ ቆየ። በሦስተኛው ለእኔ ሰጠኝ።»

«ላንቺ?»

«ታዲያ ማን ነበር? የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ በሩ ላይ ቆሜ ዜማውን ስቀበላችሁ፣ ‹ይቺን ልጅ አስወጧት፣ ይሄ የሴት ነገር አይደለም› ብለሃል። አንተ ትረሳዋለህ፤ እኔ አልረሳሁትም።»

ፋርካር አፈረ። ቢሆንም ለመነ። «ማርሳሊ፣ እህቴ፣ ነገ ቀብሩ ነው። አገር ይሰማል። አዚሚልኝ።»

«አዜምልሃለሁ እንጂ። ግን ወጉን ታውቃለህ፤ በሞት አልጋዬ ላይ ነው የምሰጥህ» አለችና ገንፎውን አነሣች። «እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አንተ ሃምሳ ልትደፍን ነው።»

በማግስቱ መቃብሩ ጫፍ ቆሞ እስከሚያውቀው ድረስ ነፋ። ከዚያ እጁ ቆመ፤ ከረጢቱ የቀረውን አየር እያቃሰተ ተፋ። ሽማግሌዎቹ ኮፍያቸውን እንዳወለቁ ጠበቁ፤ ዜማው እንዳላለቀ ጆሯቸው ያውቃል። ብዙ ከቆዩ በኋላ አንድ በአንድ ኮፍያቸውን እየደፉ ወደየቤታቸው ሄዱ።

ሰኞ ማለዳ በንግሥቲቱ መስኮት ሥር ሩብ ሰዓቱን ሞልቶ ነፋ። አንዲት ደቂቃ አልጎደለም።