የውሃው ዲማ

“አልቀጠቅጥም አልኩህ! ስንት ጊዜ ልንገርህ?” ሁሪያ የእንጨት መዶሻውን የልጡ ክምር ላይ ጥላ ተነሳች።

“ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል” አለ ባሏ ጀላሉ፤ እጁ ከሚገምደው ገመድ አልተላቀቀም። “የነጋዴው የሸረፈዲን ግመሎች በሚቀጥለው ሳምንት ጨው ሊያመጡ ይወርዳሉ። ገመድ ካጡ አሞሌውን በጥርሳቸው ይዘውት ይምጡ?”

“በጥርሳቸው ይያዙት!”

ጣሊያን ከወጣ ወዲህ የፋብሪካ ገመድ ከመቀሌ ሱቆች ስለጠፋ፣ የጨው ነጋዴው ሁሉ ወደ ዲማ ልጥ ተመልሶ ነበር። ዲማ በተከዜ ቆላ የሚበቅል፣ ግንዱ ጎጆ የሚያክል ዛፍ ነው። ልጡ ተቀጥቅጦ ቃጫው ሲገመድ ግመል አይበጥሰውም። ከወሎ የመጣው ጀላሉም በዚሁ ሥራ ሚስቱን ይዞ ገበያው ዳር ቤት ተከራይቶ መኖር ከጀመረ ቆይቷል።

ሁሪያን ያስቆጣት ጠዋት የፈታችው እስር ነው። ልጡ ላይ፣ አንዱ ከሌላው በላይ፣ አውራ ጣት የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ነበሩ። አዲስ ቀዳዳዎች አይደሉም፤ ጠርዛቸው ቆስሎ የዳነ፣ ዙሪያቸው በብዙ ሰው እግር የለሰለሰ ነው። ስታያቸው ወዲያው አወቀቻቸው። አባቷ ከወሎ ለንግድ ሄዶ አበርገሌ የቀረ ሰው ነበር፤ እሷም የተወለደችው እዚያ ነው። በልጅነቷ በእነዚያ ቀዳዳዎች ላይ በተተከሉት ችካሎች እየረገጠች ወጥታለች።

ልጡን በአህያ ጭኖ ያመጣው ሥዩም ደጃፉ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ወደ እሱ ዞረች።

“አንተ ሥዩም፣ በማርያም ይሁንብህ፣ ይህን ከየት ላጥከው?”

“ከዛፍ ነዋ፣ ሓፍተይ፣ እህቴ። ከፍየል ይላጣል እንዴ?”

ጀላሉ ሳቀ። ሁሪያ አልሳቀችም።

“ይሄ የውሃው ዲማ ነው። እናቴ መንደር ዳር ያለው።”

“ቢሆንስ? ዲማ እንደ ሌላው ዛፍ ተላጠ ብሎ አይሞትም። ጥቂት ክረምት ሲያልፍ መልሶ ይለብሳል።”

“እሱማ ይለብሳል። ችካሎቹስ?”

ሥዩም ጭንቅላቱን አከከ። “ከልጡ ጋር ወለቁ። ዛፉ ሥር ከምሬያቸው ነው የመጣሁት፤ አልሰረቅኳቸው።”

“ታዲያ ሰው በምን ወጥቶ ይቅዳ?”

የዛፉ ሆድ ባዶ ነው። ክረምት የሚወርደው ዝናብ ይሞላዋል፤ አፉ ግን ላይ፣ ቅርንጫፎቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ምንጩ ሁሉ በሚደርቅበት በግንቦት መንደሩም መንገደኛውም የሚጠጣው ከዚያ ነው። የታመመ ሲኖር የፍሬውን ነጭ ዱቄት በዚያው ውሃ በጥብጠው ያጠጡታል።

“ወንዶቹ መልሰው ይቸክሉታ” አለ ሥዩም።

“አሁን በግንቦት የትኛው ወንድ መንደር ይውላል? ከብቱን ይዞ ተከዜ ወርዷል። የቀሩት አሮጊቶችና ሕፃናት ናቸው።”

“እሺ፣ የማነው ዛፉ? ማንን ላስፈቅድ? ጠየቅኩ እኮ! ‘የማንም አይደለም’ አሉኝ።”

ሁሪያ ዓይኗን ጨፈነች። የውሃ ዲማ ባለቤት የለውም። አንድ ሰው ‘የኔ ነው’ ብሎ የተጠማ እንዳይከለክል ከጥንት እንዲያ ተብሎ የተተወ ነው። ሥዩም ግን ደጋ ያደገ ሰው ነው፤ የማንም ያልሆነውን ለማንም የተፈቀደ አድርጎ ወሰደው።

“በቃ” አለ ጀላሉ፣ ሊያስታርቅ እየሞከረ። “አንዴ ተልጧል። ብንጥለው ተመልሶ ዛፉ ላይ አይለጠፍም። ሌላ ጊዜ ከሌላ ይላጣል።”

ይህ እንኳ እውነት ነበር። ሁሪያ ደክሟት ተቀመጠች፤ መዶሻውንም አነሳች።

“የላይኛው ልጥ ከነችካሉ አልተነካም አይደል?” አለች ቀስ ብላ።

“ምን ተነክቶ!” አለ ሥዩም ደስ ብሎት። “እኔ የላጥኩት እጄ እስከደረሰበት ነው። መሰላል ይዤ ብመለስ የዚህን እጥፍ ይወጣዋል።”

የጀላሉ እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ገመዱ ላይ ቆመ። “መቼ ትደርሳለህ?”

“ጀላሉ! አሁን የነገርኩህን ሰምተሃል?”

“ሰምቻለሁ፤ ውሃ ነው፤ ሰምቻለሁ አልኩ እኮ! እናትሽን መቀሌ አምጫት ብዬሽ አልነበር? እምቢ ያልሽው አንቺ።”

“እናቴ መጣች እንበል። መንደሩስ? መንገደኛውስ?”

“ወላሂ፣ የአበርገሌን መንገደኛ ሁሉ እኔ ላጠጣ? ደግሞ ጥፋቱ የዚህ ሰውዬ ነው።”

“የኔ?” ሥዩም ቀና አለ። “‘ሩቅ አትሂድ፣ ከመንገድ ዳር ላጥና ለሰኞ ገበያ ድረስ’ ያልከኝ ማነው?”

“መንገድ ዳር አልኩ እንጂ የውሃ ዛፍ አልኩ?”

“በምን ይታወቃል?”

“ችካል አታይም? ዓይን የለህም?”

“የንብ ቀፎ መስቀያ መሰለኛ! ዲማው ሁሉ ንብ አይደል እንዴ?”

“ንብ ካለማ ይነድፍህ ነበር!”

ሁሪያ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየች። የሚጨቃጨቁት ስለ ጥፋቱ ነው። ሥዩም መሰላል ይዞ ስለመመለሱ የተጨቃጨቀ አልነበረም፤ እሱ ያለቀለት ነገር ነው።

መዶሻውን አስቀመጠች። ጓዳ ገብታ ነጠላዋን ደረበች፤ አዲስ ችካል ልትጠርብበት ከበሩ ኋላ መጥረቢያውን አነሳች። ገበያው እየተበተነ ነበር። የአበርገሌ ሰዎች አህዮቻቸውን ጭነው በምዕራቡ መንገድ ጉዞ ጀምረዋል፤ ፈጠን ካለች ትደርስባቸዋለች።

“ነድፎኛል እኮ!” ይላል ሥዩም፣ አንገቱን ለጀላሉ እያሳየ። “ና እይ፣ አሁንም እንዳበጠ ነው!”

“ታዲያ ያኔ ዛፉን ትተህ አትሄድም?” ይላል ጀላሉ።

ሁሪያ ደጃፉ ላይ ደረሰች። ሥዩም ወሬውን ሳያቋርጥ፣ እንድታልፍ እግሩን ሰበሰበላት።