የሃይላይ እጀታ

ወሬ እወዳለሁ። መቐለ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቀዋል፣ አልደብቅም። ስንት ዓመት ኮሌጁ አጥር ሥር ሱቅ ይዤ ሳሙናና ብስኩት ስሸጥ፣ ከሸቀጡ ይልቅ ያቆየኝ ወሬው ነው። ባሌ ሳሊህ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከወሎ ሲያመጣኝ አንድ ቃል ትግርኛ አልሰማም ነበር። ጎረቤት ስለ ጎረቤት የሚያወራው ሊያመልጠኝ ነው ብዬ በስድስት ወር አቀላጠፍኩት።

የባልዲ ማኅበር የተወለደውም እኔው ግቢ ነው። ያኔ ኮሌጁ ውሃ የሚያገኘው በሳምንት አንዴ፣ እሱም ከመጣ ነው። እኔ ጓሮ ሳሊህ ያስቆፈረው ጉድጓድ አለ። እሁድ እሁድ ልጆቹ የቆሸሸ ልብሳቸውን ተሸክመው ይመጡብኛል። አሥራ ሁለት ጎረምሳ፣ አንድ ባልዲ። ተራ ሲጠብቁ እየተሰዳደቡ እየተሳሳቁ ከረሙና፣ አንድ ቀን "እኛ ማኅበር ነን" አሉ። ሊቀ መንበራቸውን "ቧንቧ" ብለው ሾሙ። ቧንቧው ፍሰሃጽዮን ነው፤ ያኔም እንደ ሽማግሌ ነበር የሚያስለው። አዲስ የሚገባ ልጅ በጥር ብርድ አንድ ባልዲ ውሃ ይደፋበታል፣ ጥርሱ ሲንገጫገጭ እኔ ትኩስ ሻይ አስይዘዋለሁ፤ በቃ፣ ወንድም ሆነ።

ለያንዳንዱም እጀታ ይመደብለታል። እጀታ ማለት አንተ በሌለህበት ስላንተ የሚናገር ጓደኛ ነው። ስም ሲጠራ የቀረ ካለ እጀታው ይነሳና "እሱ እኮ እንዲህ ሆኖ ነው" ብሎ ወሬውን ያቀርባል። አንድ እሁድ ታዲያ አንዱ እጀታ ተነስቶ "የት እንዳለ አላውቅም" ብሎ ቁጭ አለ። እኔ ዕቃ ቤት ሆኜ በቆርቆሮው ቀዳዳ እሰማለሁ፤ ሁሌም እሰማለሁ። ደሜ ፈላ።

"አላውቅም ብሎ ነገር ምንድነው!" ብዬ ወጣሁባቸው። "ወሬ ካጣህ ፍጠር! የወንድምህን ስም ባዶ ታስቀምጠዋለህ?"

ሳቁና ሕግ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ወሬው የጠፋ ሁሉ ይፈጠርለታል። አንዱ የሱዳን ባለሀብት ልጅ አግብቶ ግመል ላይ ተሞሽሯል ይባላል፣ አንዱ አውሮፕላን ማረፊያ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዶት በረራ አምልጦታል ይባላል። ተመርቀው ከተበተኑም በኋላ በዓመት አንዴ፣ ጥር ላይ፣ እኔ ግቢ ተሰብስበው ስም ይጠራሩ ነበር። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይሄን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ኋላ በሌላ ሰው እንዳታሳብቡ።

ከአሥራ ሁለቱ ሃይላይ ዝምተኛው ነው። የቁሓ ልጅ፣ ቀጭን፣ ሲያፍር ጆሮውን የሚያሽ። እጀታው ታመነ ደግሞ የወልዲያ ልጅ ነው፣ ያገሬ ልጅ፤ አፉ እንደ ወፍጮ የማያርፍ። ሃይላይ ሦስት ቃል ከተናገረ ታመነ ሠላሳ አድርጎ ይተረጉመዋል። ተመርቀው ሃይላይ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ገባ፣ የልብስ ስፌት ማሽን ጠጋኝ ሆነ። ታመነ አዲስ አበባ ሄደ። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። ስልክም መንገድም ተዘጋ፤ አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ ቀረ። ሃይላይ ወደ ግንባር ከወጣ አልተመለሰም።

እናቱ ለተኪዳን ወዳጄ ናት። ቁሓ ገበያ እህል ስትሸጥ ነው የተዋወቅነው፣ እሷ ሚዛን ስታጭበረብር እኔ ስይዛት። መርዶው በየቤቱ በተነገረ ጊዜ የሃይላይ ስም አልነበረም። አለም አልተባለ፣ ሞተም አልተባለ። ጥቁር አትለብስ፣ ነጭ አትለብስ፣ እንዲሁ ቡኒ ቀሚስ አድርጋ ከረመች።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ወንድሟ ኣለምሰገድ ያውቅ ነበር። አብሮት የነበረ ልጅ መጥቶ "በእጄ ቀበርኩት" ብሎ ነግሮታል። ኣለምሰገድ ለእኔ ነገረኝ፣ ለእህቱ ግን አፉ እምቢ አለው። በዕድሜዬ ለማንም ያላቀበልኩት ወሬ እሱ ብቻ ነው።

ባለፈው ጥር በስንት ልመና "እሺ፣ ይለቀስለት" አለች። ለሐሙስ ተቆረጠ። እህሉ ተፈጨ፣ ዘመድ ከውቅሮም ከዓዲግራትም ተጠራ። ከሐሙሱ በፊት ባለው እሁድ ደግሞ የባልዲ ልጆች ከስንት ዓመት በኋላ ሊሰበሰቡ ሆነ። ለተኪዳን ይሄን ስትሰማ እጄን ያዘች።

"ኡሙሀኒ፣ ስሙ ሲጠራ አንዴ ልስማው። ከዚያ አልቅሼ እተወዋለሁ።"

የማኅበሩ ስም ጥሪ ለውጭ ሰው አይሰማም። እኔ ደግሞ አይሆንም ከተባለ ደስ ይለኛል። ዕቃ ቤት፣ ከሳሙናው ካርቶን ጀርባ፣ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት። በተንኮሌ ረክቼ እንደ ልጅ እየሳቅሁ ነበር። ሁሉን የምለፈልፍ ሴትዮ፣ ወሬ ከጠፋ እንደሚፈጠር ልነግራት ረሳሁ።

ከአሥራ ሁለቱ ሰባት መጡ። አብዱልወዱድ መላጣ ሆኖ ገባ።

"ፀጉርህን ማን በላው?" አልኩት።

"ሁለት ሚስት፣ እማ ኡሙ።"

"ሁለት! ቁጭ በል፣ ይሄን ዘርዝረህ ነው የምትነግረኝ!"

ታመነ ከአውሮፕላን ወርዶ ቀጥታ መጣ። ሸብቷል። አንገቴ ሥር ገብቶ ቆየ፣ አንድም ቃል አልወጣውም፤ ታመነ ዝም ሲል ያኔ ነው የፈራሁት። ምግብ በሉ፣ ተሰዳደቡ፣ እኔን ከግቢው አባረሩኝ። በጓሮ ዞሬ ዕቃ ቤት ገባሁና ከለተኪዳን አጠገብ ቆምኩ።

ፍሰሃጽዮን እያሳለ ስም ጠራ። ያሉት "ሞልቻለሁ" እያሉ መለሱ፤ የባልዲ ልጆች አቤት አይሉም። አራቱ ውጭ አገር ናቸው፣ እጀታዎቻቸው ወሬያቸውን አቀረቡ።

"ሃይላይ!"

የታመነ ጫማ ጠጠሩን ሲፍቅ ይሰማኛል። ለተኪዳን እጄን ጨመቀችው።

"ሃይላይ..." አለ ታመነ። "ሃይላይ ጅቡቲ ነው። ወደብ ላይ ክሬን ይነዳል። ወፍሯል፣ ብታዩት አታውቁትም። እናቱ ጋ ልደውል እያለ ቁጥሯ ጠፍቶበት ነው። ለፋሲካ እመጣለሁ ብሏችኋል።"

የሳቀ የለም። አንዱ አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁ። ፍሰሃጽዮን "ሃይላይ፣ ሞልቷል" አለና ቀጣዩን ጠራ።

ለተኪዳን እጄን ለቀቀች። በጓሮ በር ወጣች። ልታለቅስ ነው አልኩ። ልከተላት ነበር፣ ወላሂ ልከተላት ነበር። ግን አብዱልወዱድ ስለ ሁለተኛዋ ሚስት ሊጀምር ሆነ። ይቺን ልስማና ብዬ ቀረሁ።

ሰኞ ጠዋት ኣለምሰገድ ሱቄ ደጃፍ ቆሞ ይጮሃል።

"ምን ነግረሻት ነው? ምን ብለሽ ነው እህቴን ያሳበድሻት? ከዓዲግራት ቀድመው የመጡትን ሐዘንተኞች 'ልጄ ጅቡቲ ነው፣ ለፋሲካ ይመጣል፣ ወደየቤታችሁ' ብላ መለሰቻቸው! ፍራሽ ገዝታለች! አዲስ ፍራሽ!"

የስኳሩ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

ታመነ ፍሰሃጽዮን ቤት ነው ያደረው። ስደውልለት ሻንጣውን እየዘጋ ነበር፣ በረራው ከሰዓት ነው።

"የሃይላይ እናት ሰምታሃለች" አልኩት።

"የት ሆና?"

"ዕቃ ቤት።"

"ማን አስገባት?"

"እኔ።"

የሻንጣው ዚፕ መልሶ ሲከፈት ሰማሁ። "ቁሓ የሚሄድ ባጃጅ ያዙ፣ መጣሁ" አለ። ባጃጁ ውስጥ ልጁ አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለተኪዳን ደጇን ውሃ ረጭታ ጠርጋለች። ነጭ ለብሳለች። ታመነን ስታይ "ወደይ! ልጄ!" ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አዲሱ ፍራሽ ከነላስቲኩ ግድግዳ ተደግፏል። እኛን አስቀምጣ እሷ ቆማ ቀረች።

"ስማ፣ ያ ክሬን የምትለው በጣም ከፍ ያለ ነው? አያዞረውም? እሱ እኮ ልጅ ሆኖ ዛፍ ላይ ሲወጣ ይፈራ ነበር።"

ታመነ መሬት መሬት ያያል።

"ቁጥሩን ስጠኝ፣ እኔ ልደውልለት። ቂጣ እጋግርለታለሁ፣ የሚይዝ ሰው ካለ በሶም እልካለሁ።"

እኔ ልናገር አልኩ። "ለተኪዳን፣ ፍራሹን በስንት ገዛሽው?" የሚል ወጣኝ። ምላሴ እንዲህ ከድቶኝ አያውቅም።

ታመነ ከመቀመጫው ወርዶ ተንበረከከ። በትግርኛቸው "ዓደይ" ነው የሚላት፣ እናቴ ማለቱ ነው፤ ከሃይላይ የተማረው።

"ዓደይ፣ ፈጥሬው ነው።"

"ምኑን?"

"ጅቡቲን። ማኅበራችን ሕግ አለው፣ ወሬው የጠፋ ሰው ስሙ ባዶ እንዳይቀር ይፈጠርለታል። እርስዎ መኖርዎን አላወቅሁም።"

ቆማ አሰበች።

"ክሬኑስ?"

"እሱንም።"

"ወፍሯል ያልከው?"

"እሱንም፣ ዓደይ።"

"ቁጥሬ ጠፍቶበት ነው ያልከውስ?"

ታመነ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እሷ ይሄኔ ተቀመጠች። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

"ኡሙሀኒ፣ ታውቂ ነበር?"

"ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ" አልኩ። ሌላም ጨመርኩ፣ ከዚያ በኋላ ምን እደብቃለሁ። "መሞቱንም አውቃለሁ። የቀበረው ልጅ ለኣለምሰገድ ነግሮታል።"

ኣለምሰገድ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። ፀጉሬን ብትይዘኝ ዝም ልል ወስኛለሁ። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ እህል እንደምትሰፍር፣ ተናገረች።

"እንግዲያ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ወንድሜ 'ይበቃሻል' አለኝ። ቄሱ 'እንጸልይለት' አሉኝ። አንቺ 'እሺ በያቸው' አልሽኝ። 'ልጅሽ ሞቷል' ብሎ በአፉ የነገረኝ አንድ ሰው የለም። የነገረኝ ይሄ ልጅ ብቻ ነው፣ እሱም 'አለ' አለኝ። ታዲያ ማንን ልመን?"

የጎረቤት ዶሮ ትንጫጫለች።

"ነገ ጎህ ሲቀድ ኑ" አለች። "እንደ ወጉ፣ ሰው አስከትላችሁ ኑ። እንደ ሌላው እናት ንገሩኝ። እሱ ይንገረኝ።" ታመነን በአገጯ አመለከተችው። "ስለ ሃይላይ የምትናገረው አንተ አይደለህ?"

"ዓደይ፣ እኔ አላየሁትም። በምን አፌ?"

"ጅቡቲንስ አይተኸው ነበር?"

ታመነ አልበረረም። ያን ቀን ከሰዓት ከኣለምሰገድ ጋር የቀበረውን ልጅ ፈልገው አገኙት፤ ሰዓት ሙሉ አነጋገሩት። የት እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን፣ ጭንቅላቱ በየት በኩል ተደርጎ እንደተቀበረ ጠይቀው መጡ። ታመነ እንደ ፈተና ሲያጠናው አመሸ። ሌሎቹ ልጆችም የመኪና ትኬት ቆርጠው የነበሩት ሁሉ ሳይሄዱ ቀሩ።

ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ ቁሓ ደረስን። ነፋሱ አጥንት ይገባል። ሰባቱ ልጆች፣ ኣለምሰገድ፣ ሁለት ሽማግሌ፣ ቄሱ፣ እኔ ከኋላ። ነጠላዬን አፌ ድረስ ስቤ ነው የቆምኩት። ታመነ አንኳኳ።

"መን እዩ? ማነው?" አለች ከውስጥ።

"እኛ ነን።"

በሩን ከፈተች። አልተኛችም፣ ዐይኗ ያስታውቃል፤ ያንን ቡኒ ቀሚሷን መልሳ ለብሳለች። ራሷ ጠርታን፣ እንደማታውቅ ሰው አንድ በአንድ አየችን።

"ምነው በደኅና? በዚህ ማለዳ ምን ሆናችሁ ነው?" አለች።

ታመነ አጥንቶት የነበረው ቀኑም ቦታውም ለጊዜው ጠፋበት።

"ዓደይ፣ ሃይላይ ሞቷል።"

አየችው።

"ድገመው።"

"ሃይላይ ሞቷል። ጓደኛው በእጁ ቀብሮታል። ማይ ወራር ከሚሉት ወንዝ በላይ፣ ሾላ ሥር ነው።"

"ድገመው፣ ወደይ።"

"ሞቷል፣ ዓደይ።"

ሦስተኛውን ስትሰማ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ ድምፅ አልወጣትም፣ አፏ ብቻ ተከፈተ። ቀጥሎ ጩኸቱ ወጣ። የጎረቤት በር እየተከፈተ ሴቶቹ ነጠላቸውን እየጎተቱ ሮጡ። እኔም ልጠጋ አልኩ፤ እጇን ዘርግታ ከለከለችኝ። ታመነን ግን በሸሚዙ ይዛዋለች፣ አልለቀቀችውም። እኔ አጥሩ ሥር፣ ሐዘንተኛው እያለፈኝ ሲገባ፣ ፀሐይ እስክትወጣ ቆምኩ።