የጉብኝት ማስረጃ

ሲስተር ሠላሳ አንድ ዓመት በአዋላጅ ነርስነት ሠርተው ጡረታ ከወጡ በኋላም በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ለጎረቤትም ለአማችም ሲስተር ናቸው። በሰው አገር የምትኖረው ልጃቸው የመጀመሪያዋን አርግዛ ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትወርድ ሲያዝዛት፣ ሻንጣቸውን ሸክፈው በቱሪስት ቪዛ ሄዱላት። ዘጠና ቀን ተሰጣቸው። ይበቃ ነበር። ኋላ ግን ያው ሐኪም በአልትራሳውንድ አይቶ «ቀኑን ተሳስተናል፣ ሁለት ሳምንት ይገፋል» አለ። ሲስተር በጣታቸው ቢቆጥሩ፣ ልጅቷ የምትወልደው ቪዛቸው ካለቀ ከስድስት ቀን በኋላ ሆኖ አገኙት።

«ታዲያ ማራዘም ነዋ!» አለ አማቻቸው፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ። ቀላል አድርጎ ነው የተናገረው።

መጀመሪያ ኢሚግሬሽን ቢሮ ሲሄዱ «ገና ነው፤ አሥራ አምስት ቀን ሲቀረው ኑ» ተባሉ። ሲቀረው ሄዱ። ፎቶው ጆሮ አያሳይም ተባለ። ሲስተር ሻሻቸውን ፈተው እንደገና ተነሡ፤ «ጆሮዬን ምን ሊያደርጉት ነው?» እያሉ። በሦስተኛው ቀን፣ ከሁለት ሰዓት ወረፋ በኋላ፣ መነጽር ያደረገችው የመስኮት ሠራተኛ ቅጹን አነበበችና መለሰችው።

«ምን አለች?» አሉ ሲስተር።

«"ልጄን ለማረስ" ብለው የሞሉት ጉብኝት አይደለም ነው የምትለው» አለ አማቻቸው። «ለቤተሰብ ሌላ ቪዛ አለ፣ እሱ ደግሞ የሚጠየቀው ካገር ቤት ነው። የቱሪስት የሚራዘመው ጎብኝቶ ላልጨረሰ ሰው ነው። እስካሁን ምን ጎበኙ ትላለች።»

«ወጥ ቤቱን፣ የክሊኒኩን ኮሪደርና የእነሱን ወረፋ!»

አማቻቸው ላቡን ጠረግ አድርጎ «ገና እየጀመሩ ነው» ብሎ ተረጎመ።

ሠራተኛዋ ቢያንስ ሁለት ቦታ የጎበኙበትን፣ ስማቸው ያለበትና ማኅተም ያረፈበት ትኬት እንዲያመጡ አዘዘች።

ሰኞ ሙዚየም ገብተው የተሰባበረ ገንቦ ሲያዩ ዋሉ። ለሐሙስ አማቻቸው የሐይቅ ሽርሽር ትኬት ቆረጠላቸው። ሲስተር ግን እግራቸው አልነሣ አለ።

«ሂጂ እንጂ እማ፣ ገና ሁለት ሳምንት አለኝ» አለቻቸው ልጃቸው ከአልጋዋ። «ትንሽ ንፋስም ይምታሽ። እኔ ላይ ካፈጠጥሽ እኮ ሦስት ወር ሊሞላሽ ነው።»

አማቻቸው ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ጀልባው ላይ አሳፍሯቸው ወደ ሚስቱ ተመለሰ። አንድ ሰዓት ያህል እንደተጓዙ ስልካቸው ጮኸ።

«ሲስተር! ውሃው ፈሰሰ!»

«የምን ውሃ?» አሉ፤ ዙሪያቸውን ሁሉ ውሃ ነው።

«የእንሽርት ውሃው!»

«ቀለሙስ?»

«ንጹሕ ነው።»

«ምጡ በስንት ደቂቃ ነው የሚመላለሰው?»

«አልቆጠርኩም!»

«ቁጠራ! በግራ ጎኗ አስተኛት፣ ታክሲ ጥራ፣ ራስህ እንዳትነዳ! እየተንቀጠቀጥክ...» ስልኩ ተቋረጠ።

ሲስተር እየተንገዳገዱ ካፒቴኑ ጋ ደረሱ። ቋንቋ የላቸውም። ሆዳቸውን ይዘው አማጡ፣ በእጃቸው ወደ ኋላ ወደ ከተማው ጠቆሙ። ካፒቴኑ በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀና የማስመለሻ ፌስታል ሰጣቸው። ፌስታሉን ወርውረው ደግመው አማጡ። አንዲት አሮጊት ጎብኚ ጀርባቸውን እያሻሹ ከረሜላ አጎረሷቸው።

ጀልባው አንዲት ደሴት ላይ ለአንድ ሰዓት ቆመ። ሰው ሁሉ ፎቶ ሊነሣ ወረደ። ሲስተር አልወረዱም። አስጎብኚው ፈገግ እያለ መጥቶ ትኬታቸው ላይ ማኅተሙን አሳረፈላቸው። ያን ጊዜ ሐይቁ ውስጥ ቢወረውሩት ደስ ባላቸው። «የበኩር ምጥ ረጅም ነው፣ ረጅም ነው» እያሉ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰውን ያጽናኑበትን ቃል ለራሳቸው ደጋገሙት።

ክሊኒኩ የደረሱት ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ሕፃኗ ከተወለደች አርባ ደቂቃ አልፏታል። ሐኪሙ መጀመሪያ በቆጠረው ቀን ነው የመጣችው፤ ሰውየው ቀድሞውኑ አልተሳሳተም ነበር።

«እማ፣ የት ነበርሽ?» አለች ልጃቸው፣ ድካም በያዘው ድምፅ።

«ስጎበኝ!» አሉ ሲስተር በቁጣ። ከዚያ ከአልጋው ጠርዝ ቁጭ ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ። አማቻቸው ሕፃኗን አሳቀፋቸው። እንባቸው ሳይደርቅ እትብቷን ፈተሹ፣ ጣቶቿን ቆጠሩ፣ በእትብቱ አስተሳሰር ግን የሚያስወቅስ ነገር አላገኙበትም፤ ይህም ትንሽ አናደዳቸው።

በማግስቱ ሁለቱን ትኬቶች መስኮቱ ላይ አኖሩ። ሠራተኛዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታያቸው ሠላሳ ቀን ጨመረችላቸው።

ሠላሳውን ቀን ሲስተር ከደጅ አልወጡም። አራሷን አረሱ፣ ሕፃኗን አጠቡ፣ አማቻቸውን በአስተቃቀፉ ተቆጡት። በመጨረሻው ቀን ዋዜማ ወደ አገራቸው ሲሳፈሩ፣ ሕፃኗ በአባቷ ትከሻ ላይ አንገቷን ለማቅናት ትታገል ነበር።