ምላጭ የቆረጠችው

መሥሪያ ቤት «ምላጭ» ነው የሚሉኝ። ፊት ለፊቴ አይደፍሩም እንጂ ከጀርባዬ ሲሉኝ ሰምቻለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ጆሮ ግን ሃያ ሁለት ዓመት በማዳመጫ የተገራ ስለሆነ በግድግዳም ይሰማል። ስሙ አያስከፋኝም። ሥራዬ መቁረጥ ነው። ሰዎች የገዛ ታሪካቸውን በገዛ ድምፃቸው ለሬዲዮ ይናገራሉ፤ እኔ አንድ ሰዓት የለፈለፉትን ዘጠኝ ደቂቃ አደርገዋለሁ። ሳላቸውን፣ «እእእ» ማለታቸውን፣ «ምን ነበር ያልኩሽ» እያሉ ወደኋላ መመለሳቸውን እጥላለሁ። በቀረው መሃል የድስት ክዳን፣ የደረጃ ኮቴ፣ የጎረቤት ውሻ አስገባለሁ። ቅዳሜ ጠዋት አድማጭ እጁ ላይ ያለውን ሥራ አስቀምጦ ይሰማል።

አንድ ሕግ አለኝ፤ ታሪክ ከእንባ በፊት ያልቃል። ተናጋሪው መነፋረቅ ሲጀምር እኔ ወጥቻለሁ። አዲስ ለሚቀጠሩትም «ማልቀስ የፈለገ ልቅሶ ቤት ይሂድ» እያልኩ ነው የማስተምራቸው። በዚህ ሕግ ስንት ሽልማት ወስጃለሁ። እህቴንም የጨረስኳት በዚሁ ሕግ ነው።

እትዬ ታላቄ ናት። እናታችን ቶሎ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ግማሹን በኩርኩም፣ ግማሹን በፍቅር። ያላት አንድ ልጅ ማሙሽ ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ የልጅ አባት የሆነ ሰውዬ ነው፤ ግን ማሙሽ ነው።

የዛሬ ሰባት ዓመት የጎረቤት ወርቅ ጠፋ። ማሙሽ በዚያ ሰሞን ያመሽ፣ ይጠጣ ስለነበር እትዬ ጠረጠረችው። ጠርጥራ ዝም ብትል ምን ነበረበት! ፖሊስ ሲመጣ መንደሩ ሁሉ ቆሞ እያየ «ሌባው ይሄውና፣ ውሰዱት» አለች። አሥራ አንድ ወር ታሰረ። በኋላ ወርቁን የወሰደው የጎረቤቷ የገዛ ወንድሟ ሆኖ ተገኘ። ማሙሽ ሲፈታ እናቱ ቤት ድርሽ አላለም። አንድ መልእክት ብቻ ላከባት፤ «በሰው ፊት ሌባ እንዳለችኝ፣ በሰው ፊት ይቅርታ ትበለኝ።»

ትላለች እንዴ! «ወላጅ ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ የት አገር ታይቷል?» ብላ አፍንጫዋን ነፋች። ስድስት ዓመት እንዲህ ተፋጥጠው ከረሙ። የልጅ ልጇን የምታውቃት በፎቶ ነው።

ዘንድሮ ጉሮሮዋ ውስጥ እጢ ተገኘ። ሐኪሙ ነገሩን አላለባበሰባትም፤ ማንቁርቷ ይወጣል፣ ከሐሙስ በኋላ ድምፅ የላትም። እትዬ ደግሞ ፊርማዋን እንጂ ፊደል አታውቅም። ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤቴ መጥታ ወንበሬ ላይ ዘፍ አለች።

«ማሙሽ ያንቺን ሬዲዮ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰማል፤ ሚስቱ ነግራኛለች» አለች። «በሰው ፊት አይደል ያለው? ድምፅ እያለኝ ልበለው።»

«አሁን ነው የታየሽ?» አልኳት። ክፉ አፍ አለኝ።

«አሁን ነው የታየኝ» አለች። አልተቆጣችም። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

ለማሙሽ ደወልኩለት፤ የእኔን ስልክ ያነሳል። «ቅዳሜ እናትህ ትናገራለች፣ ስማ» አልኩት። «ካለችው እመጣለሁ። ካላለችው ግን አንቺም ከእንግዲህ አትደውይልኝ» አለኝ።

ቤቷ ሄጄ ቀዳኋት። አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ተናገረች። ወይ እትዬ! አፍ ነበራት። ያን ቀን ለብሶት የነበረውን ሸሚዝ፣ የፖሊሱን ጫማ ጩኸት፣ እሱ ዞር ብሎ «እማ?» ያላትን፣ አንድም አላስቀረችም። «ሲወስዱት ካልሲ እንኳን አላደረገም። እኔ በሩን ዘጋሁት» አለች። ከዚያ ሳሉ ያዛት። እየሳለች፣ ንፍጧን እየጠረገች፣ «ልጄ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ፣ በሰው ፊት ይቅር በለኝ» አለች። ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። ስትጨርስ «ወጣልኝ» ብላ ሳቀች። እኔ ተነስቼ ያንኑ በር ለብቻው ቀዳሁት፤ ከፍቼ ዘጋሁት፣ ከፍቼ ዘጋሁት።

ዘንግቼው ነው አልልም። አልዘነጋሁትም። ማዳመጫውን አድርጌ ስቀመጥ ያቺ «በሩን ዘጋሁት» ያለችው አንጀቴን በላችው። ከእሷ በኋላ የመጣው ሁሉ ሳልና ንፍጥ ሆነብኝ። ታሪኩ በሙሉ ይቅርታ አይደለም እንዴ አልኩ። ጆሮ ያለው ሰው ሳይነገረው ይገባዋል አልኩ። እዚያው ላይ ቆረጥኩና የበሩን ድምፅ ጨመርኩበት። ድው! ከዚያ ዝምታ። አለቃዬ ሰምቶ «ምላጭ፣ ዘንድሮ የሠራሽው ሁሉ አንድ ላይ ይሄን አያክልም» አለኝ፤ ፊት ለፊቴ ምላጭ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ደስ አለኝ። ምን ልዋሽ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ሐሙስ ማንቁርቷ ወጣ። ቅዳሜ ጠዋት ሆስፒታል አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት። አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። እየሰማች አንዳንዴ ራሷን ትነቀንቃለች። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። አፏን ትከፍታለች፣ ምንም አይወጣም፤ በጣቷ ማዳመጫውን፣ ከዚያ አፏን፣ ከዚያ እኔን ታሳያለች። እኔ ቂሏ የተመሰገንኩ መስሎኝ «ተይ እትዬ፣ በእኔና በአንቺ መሃል ምን ምስጋና አለ! ድምፅሽ አምሯል» አልኳት። ግንባሯን ሳምኳት። እሷ አልጋውን መደብደብ ስትጀምር ነርሷ መጣችና «አታስጨንቋት» ብላ አስወጣችኝ።

ማሙሽ አልደወለም። ልቡ ተነክቶ ነው አልኩ።

ሰኞ እኛ ጋ የጽዳት ቀን ነው። ያለፈው ሳምንት ቅጂ እንዳለ ይጠፋል፤ የተላለፈው ብቻ ይቀራል። ማንም አላዘዘኝም፣ በገዛ ጣቴ ነው ያጠፋሁት።

ማክሰኞ ማሙሽ ሆስፒታል መጣ። ሚስቱ ጎትታ ነው ያመጣችው። አልጋው ሥር ቆሞ እናቱን አያት፤ ሲያያት ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ቢሆንም አልማራትም።

«ዘጠኝ ደቂቃ ጠበቅኩሽ» አላት። «መኪናዬን ዳር አቁሜ። ያቺን አንዲት ቃል ብቻ። አንቺ ግን በሩን ድጋሚ ዘጋሽብኝ።»

እትዬ ደረቷን መታች። እኔን በጣቷ ወጋችኝ። ያኔ ነው የገባኝ።

«ብላለች ማሙሽዬ። ሦስት ጊዜ ብላለች። እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

«አምጪው።»

«ጠፍቷል። ትናንት አጠፋሁት። ምንም የቀረ የለም።»

እኔን አየ፣ እሷን አየ። እትዬ እንባዋ እየወረደ ራሷን ላይ ታች ትነቀንቃለች። ሚስቱ ክንዱን ይዛ «እመናቸው» አለችው። እሱ ፊቱን በእጁ ጠረገና «ላስብበት» አለ። ሄደ። እትዬ እጄን ያዘች፤ አልተቆጣችኝም፤ እንዲያውም ፈገግ አለች። «ላስብበት» ለእሷ ብዙ ነበር።

ለእኔ ግን አልበቃኝም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ እኔ በመቀስ ላሸው ተነሳሁ። ረቡዕ ጠዋት ከዘጠኙ ደቂቃ ውስጥ ቃል መልቀም ጀመርኩ። «ልጄ» ሰባት ቦታ አለ። «ይቅር»ን «ነገሩ በዚሁ ይቅር ብዬ ነበር» ካለችበት ወሰድኩ። «በለኝ»ን «የፈለግከውን በለኝ» ካለችበት። ገጣጠምኩት። በዕድሜዬ እንደዚያ የጠራ ሥራ አልሠራሁም። «ከቅጂው የተረፈ አገኘሁ» ብዬ ለማሙሽ ላክሁለት።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደወለ።

«ምንም የቀረ የለም አላልሽም ነበር?»

«አንዲት ቁራጭ ተርፋ...»

«እናቴ ሳትተነፍስ ሦስት ቃል ተናግራ አታውቅም» አለኝ። ድምፁ አልጮኸም። «እዚህ ላይ ግን አትተነፍስም።»

እስትንፋሷን ጥዬው ነበር። ልማድ ነው፣ ሁልጊዜ እጥለዋለሁ።

«ዛሬ ልጄን ይዤ ልመጣ ነበር» አለ። «ጫማዋን እያሰርኩላት ነው ይሄ የገባው። ትናንት አምኜሽ ነበር እኮ አክስቴ። ለካ አንቺ የሌለውን ትሠሪያለሽ። ትናንት ያልሽኝንም ሠርተሽልኝ ነው። አንድ ጊዜም አላለችውም።»

«የእናቴ አጥንት ይፋረደኝ፣ ብላለች!»

ዘግቶታል። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አያነሳም። ሚስቱም አታነሳም።

ሆስፒታል ስገባ እትዬ ነቅታለች። ነርሷ ፊቷን አጥባት፣ ንጹሕ ሻሽ አስራላታለች። ስታየኝ ቅንድቧን ወደ ላይ አድርጋ ጠየቀችኝ፤ ምን አለ?

ሃያ ሁለት ዓመት ሰው እውነቱን እንዲናገር ስጎተጉት የኖርኩ ሴትዮ ነኝ። ወንበሩን ሳብኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አምኖሻል» አልኳት። «ልጁን ይዞ ይመጣል።»

እትዬ ትራሷን አስተካክዬ ቀና እንዳደርጋት ምልክት ሰጠችኝ። ቀና አደረግኳት። ከዚያ በጣቷ የእጅ አንጓዬን ነካ ነካ አደረገች፤ ሰዓቱን ነው የምትጠይቀኝ።

«ከምሳ በኋላ» አልኳት።