ያልተበረዘው ኮዳ

በአንድ ኮዳ የሎሚ ውሃ ምክንያት ተከስሳችሁ ታውቃላችሁ? ጨው፣ ስኳር፣ ሎሚና ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፤ ሌላ ምንም የለበትም። ኣብርሄት ወልደትንሣኤ ግን በዚህ ተከስሳ፣ በ፲፱፻፷ ዓ.ም. ሰኔ ውስጥ፣ በአንድ ሐሙስ ጧት፣ አስመራ መሀል ባለ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ነበር።

ኮዳው ፊት ለፊቷ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። የወንድሟ የኣስመሮም ኮዳ ነው፤ እሱ እሑድ በብስክሌት ውድድር ላይ ሲወድቅ የኮዳው ጎን ተጨራምቷል፣ ሩቡ ያህል ፈሳሽ ግን አሁንም አለበት። አንገቱ ላይ በክር የታሰረ ወረቀት ተንጠልጥሏል፤ «የተከለከለ መድኃኒት» ይላል። ማን መረመረው? ማንም። ማን ቀመሰው? ማንም። ሰው ቀምሶ ያላረጋገጠውን ነገር በቀለም ጽፎ ማንጠልጠል በዚያ ዘመን በእኛ ከተማ እንደ ሥራ ይቆጠር ነበር።

«የምትፈርሚበትን ወረቀት አንብበሽዋል፣ ጓለይ?» አላት አቶ ተወልደመድኅን፤ ልጄ ማለቱ ነው። የብስክሌት ውድድሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ የጸጸራት ሰፈር ሰው፤ በዚያ ሙቀት ከረባቱን ያላላላ።

«እወ፣ አነበብኩት።»

«አማርኛው አልከበደሽም?»

«አማርኛውስ አልከበደኝም። የከበደኝ ውሸቱ ነው።»

በጠረጴዛው ጫፍ የተቀመጠው ጸሐፊው ገረዝጊሄር ብዕሩን አቁሞ ወደ ሰብሳቢው ተመለከተ። ይህንንም ልጻፈው ወይ ማለቱ ነበር። ሰብሳቢው በጣቱ ተው አለው።

ወረቀቱ አጭር ነው። «እኔ ኣብርሄት ወልደትንሣኤ፣ በረዳትነት ከምሠራበት ሆስፒታል ያወጣሁትን የሚያበረታ መድኃኒት በወንድሜ ኮዳ ውስጥ ጨምሬያለሁ። ወንድሜ አያውቅም።» ከፈረመች ኣስመሮም ለአንድ ዓመት ብቻ ይታገዳል። ካልፈረመች ስሙ ከተወዳዳሪዎች መዝገብ ለዘለዓለም ይሰረዛል፤ ሰኞ ደግሞ ለሆስፒታሉ ደብዳቤ ይጻፋል። ከፈረመችም ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ መሳቢያው መቼ እንደሚከፈት የሚያውቀው ቁልፉን የያዘው ሰው ነው። በዚህም በኩል በዚያም በኩል በሩ አንድ ነው፤ የሚከፈተውም ከውጭ ብቻ ነው።

ጧት ከሰፈራቸው ከዓባ ሻውል ሲወጡ ኣስመሮም ክንዱን በፋሻ አንጠልጥሎ እየተከተላት፣ «ፈርሚ፣ ሓፍተይ» ብሏት ነበር፤ እህቴ ማለቱ ነው። «ዓመት ምን አላት? ሃያ ዓመቴ ነው፤ በሃያ አንድ እመለሳለሁ።»

«እኔስ ሌባ ሆኜ ስንት ዓመት ልቀመጥ?»

ኣስመሮም በሥራ ቀን በጋራዥ ብረት ይቀርጻል፣ እሑድ ብስክሌት ይነዳል፤ ከብስክሌቱ በቀር በዚህ ዓለም የእኔ የሚለው የለውም። እሷም ይህን ስለምታውቅ ነው ያዘነችው። አሁን ታች ደረጃው ሥር ቆሞ ይጠብቃታል።

የእሷ ጭንቀት ግን ከወረቀቱም ይከፋ ነበር። አራት ቀንና አራት ሌሊት አንድ ነገር ሲበላት ቆይቷል። ኮዳውን ያዘጋጀችው እሷ ነች፤ ወንድሟን የጣለውም ያ ኮዳ ነው።

አባቷ ወልደትንሣኤ ከአስመራ ምጽዋ በሚወርደው ባቡር ላይ እሳት የሚያነድ ሠራተኛ ነበር። ከምድጃው ፊት ቆሞ ከሰል ሲወረውር የሚወጣው ላብ ጫማው ውስጥ ይጠራቀም እንደነበር ራሱ ይናገር ነበር። ንጹህ ውሃ ብቻ የጠጣ ሠራተኛ እግሩ እየተኮማተረ ሲወድቅ አይቷል። ስለዚህ የእሳት ሠራተኞቹ አንድ ብልሃት ነበራቸው። ከቤት ሲወጡ በትንሽ ጠርሙስ ወፍራም የጨው፣ የስኳርና የሎሚ ውሃ ይይዛሉ፤ «እናት» ይሏታል። እናትን ብቻዋን የሚጠጣ የለም። ባቡሩ ውሃ ሊሞላ በቆመበት ጣቢያ ሁሉ ጥቂት ከእናት በጣሳ ይቀዱና ከጣቢያው የውሃ ማማ በሚወርደው ውሃ ይበርዟታል። አንዲት ጠርሙስ እንዲህ ሆና ምጽዋ ድረስ ታደርሳለች።

«ለሊትር ውሃ ግማሽ የሻሂ ማንኪያ ጨው፣ ስድስት ማንኪያ ስኳር፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ» ይላት ነበር አባቷ። «ከዚያ ቅመሺው። ከእንባ በላይ ጨው ጨው ካለ ድፊው።»

በፊት ውድድሩ የካቲት ላይ ነበር፤ በየካቲት ቆላው ለሰው ይሆናል። ዘንድሮ ግን ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶች የሚመቻቸው ሰኔ ነው ተባለና ወደ ሰኔ ተዛወረ። ከምጽዋ ተነሥቶ አስመራ የሚገባ መንገድ፣ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር ሽቅብ፣ በሰኔ። እንግዶቹ በጥላ ሥር ተቀምጠው ያያሉ፤ ልጆቹ በፀሐይ ይቃጠላሉ። ይህን ያቀደ ሰው አንድ ቀን እንኳ ፔዳል ረግጦ አያውቅም ብትሉ እኔ አልቃወማችሁም።

ኮሚቴው ግን ለተወዳዳሪዎቹ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሰጠ። አንድ ብስክሌተኛ ከሁለት ኮዳ በላይ መያዝ አይችልም፤ ከሰውም መቀበል ክልክል ነው፤ መንገድ ላይ በማይ አጣልና በጊንዳ የኮሚቴው ማኪና ውሃ ይዞ ይቆማል። ኣብርሄት ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ የባቡር ሠራተኛ ልጅ የምታስበውን አሰበች፤ ማኪናው ማማ ነው፣ ኮዳው እናት ነው። በአንደኛው ኮዳ ንጹህ ውሃ ሞላች። ሁለተኛው ግማሽ ሊትር ይይዛል፤ የሁለት ሊትር ጨው፣ ስኳርና ሎሚ አሟምታ አገባችበት።

«ይሄኛውን ብቻውን እንዳትነካው» አለችው። «ውሃው ኮዳ ማይ አጣል ላይ ያልቃል። ከማኪናው አስሞላውና ከዚህኛው ሩቡን ጨምርበት። ጊንዳም እንደዚያው።»

«የአባባ ባቡር አደረግሽኝ እኮ» ብሎ ሳቀባት።

«ባቡሩ ይደርስ ነበር። አንተም ድረስ።»

ማይ አጣል ሲደርስ መሪ ነበር፤ ውሃው ያለቀ፣ ከንፈሩ የተሰነጠቀ። ማኪና የለም። በመንገዱ ዳር ከቆመ ፖሊስ በቀር ሰው የለም። «ማኪናው ቅድም ወደ ምጽዋ ተጠርቶ ወርዷል» አለው ፖሊሱ። ኣስመሮም ወደፊት ሄደ፤ ምን ያድርግ? መሪ የሆነ ሰው ቆሞ ውሃ አይጠብቅም። ዶንጎሎ አካባቢ ጭንቅላቱ መዞር ሲጀምር ከእናት አንድ ጊዜ ተጎነጨ። ጉሮሮው ተቃጠለ፣ ጥማቱ ባሰበት፣ ደግሞ ተጎነጨ። ጊንዳም ማኪና አልነበረም። ከእምባትካላ በታች ባለው ጠምዛዛ ላይ ያስመለሰውና የወደቀው እንዲህ ነው። ከኋላ የመጣው የኮሚቴ ማኪና አነሣው፤ ኮዳውን ደግሞ «ማስረጃ» ብሎ ወሰደው። ኮዳ ለማንሣት በጊዜው የደረሰ ማኪና ነበራቸው ማለት ነው።

አሁን ኣብርሄት ምን ትበል? «መድኃኒት አይደለም፣ የጨው ውሃ ነው፤ ወፍሮበት ነው» ካለች፣ በቃ፣ በገዛ እጅሽ ወንድምሽን መረዝሽው ይሏታል፤ ኮሚቴው ንጹህ ሆኖ ይወጣል። ዝም ካለች መድኃኒት ይሆናል። ማኪናው የት ነበር ብላ ከጠየቀች ደግሞ ጥያቄው ወደ እንግዶቹ ይሄዳል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀ ሰው በዚያ ጊዜ የመንግሥት ጠላት ይባል እንደነበር አስመራ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል።

«አባትሽን አውቀው ነበር» አላት አቶ ተወልደመድኅን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጨዋ ሰው ነበር። እኔም ለበላይ ተጠያቂ ነኝ፣ ጓለይ። የአንድ ሰው ስም ይፈልጋሉ። ስሙ ያንቺ ቢሆን ቀላሉ እሱ ነው። ነገሩ እዚህ ክፍል ውስጥ ይሞታል።»

«እኔም ከነገሩ ጋር እዚሁ እሞታለሁ ማለት ነው።»

«ነገር አታክርሪ። ቢሮው ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ዛሬ ግን ሳትፈርሚ አይዘጋም። ገረዝጊሄር፣ በሩን ቆልፍ፤ ሰው እንዳይገባብን።»

ጸሐፊው ተነሥቶ ቆለፈ። ቁልፉን ኪሱ ሲያስገባ ኣብርሄት ድምፁን ሰማችው። ክፍሉ ጠበበባት። የመስኮቱ መዝጊያ በሚያስገባው ቀጭን ብርሃን ውስጥ አቧራ ይንሳፈፋል፤ ከታች የፈረስ ጋሪ ደወልና የወንዶች ወሬ ይሰማል። ኣስመሮም ከእነዚያ ድምፆች አንዱ ነው። ዓመት ምን አላት? ብዕሩን አነሣች። ጫፉን በወረቀቱ ግርጌ አሳረፈችው። የ«ኣ» አንዲት እግር ጻፈች።

«ጎሽ» አለ ሰብሳቢው፤ ትንፋሹ ተለቀቀ። «ሙቀቱ አደከመሽ። ገረዝጊሄር፣ ውሃ ስጣት።»

ጸሐፊው ግን አልተነሣም። ጆሮው ቀልቶ ወረቀቱን ይመለከታል። ሰብሳቢው ራሱ ተነሥቶ ወደ ጥጉ ሄደ፤ በጥጉ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ነገር ተደርድሯል። ጨርቁን ገለጠና ከእንጨት ሣጥን አንድ የታሸገ ውሃ አወጣ። ኣብርሄት ብዕሩ እጇ ላይ እንዳለ ሣጥኖቹን አየች። አራት ናቸው። በሁለቱ ጎን ላይ በጠመኔ፣ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት፣ «ማይ አጣል» ተብሎ ተጽፏል። በሌሎቹ ሁለት ላይ «ጊንዳ»።

ውሃው እዚህ ነው። አራት ቀን ሙሉ በድዬው ይሆን ብላ ስትቃጠል፣ ወንድሟ ያልጠጣው ውሃ በዚህ ክፍል ጥግ ተሸፍኖ ተቀምጧል።

«ጽሕፈቱ ያንተ ነው፣ አያ ገረዝጊሄር?» አለች ቀስ ብላ።

«እወ» አለ ጸሐፊው ሳያያት። «ቅዳሜ የጻፍኩት ነው።»

«ዝም በል» አለ ሰብሳቢው።

«ግማሹን እንግዶቹ ጠጡት፣ የተረፈው ተመለሰ» አለ ገረዝጊሄር፤ አንዴ ጀምሯልና አልቆመም። «ማኪናውን ምጽዋ ጥላ ሥር አቁመው ለእንግዶቹ በረዶ ጫኑበት።»

ኣብርሄት ጠርሙሱን ከሰብሳቢው እጅ ተቀበለች። «የቐንየለይ» አለች፤ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው፣ ምስጋና ግን አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ባሉ ሁለት ብርጭቆዎች ከኮዳው ጥቂት ጥቂት ቀዳች፣ በማይ አጣል ውሃ ሞላቻቸው። አራት ቀን የቆየ ነው፣ ሎሚው ትንሽ ተቀይሯል። አንዱን አንሥታ ግማሹን ጠጣችና ለሰብሳቢው ዘረጋችለት።

«ይቅመሱት።»

«አልጠጣም።»

«መድኃኒት ከሆነ ያበረታዎታል።»

አቶ ተወልደመድኅን እጁን ከጠረጴዛው በታች ደበቀ። ሁለተኛውን ብርጭቆ ያነሣው ገረዝጊሄር ነው። በቀስታ ጠጣ፣ ከንፈሩን ጠረገ።

«እንባ እንባ ይላል» አለ። «ሌላ ነገር የለበትም።»

ኣብርሄት ወረቀቱን ገለበጠች፤ በጀርባው ላይ በትምህርት ቤት በተማረችው አማርኛ ጻፈች። በመጀመሪያ የጻፈችው የራሷን ጥፋት ነው፦ «መጠጡን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ጨው፣ ስኳር፣ ሎሚ ነው። በውሃ እንዲበረዝ አወፍሬዋለሁ። ስሕተቴ የኮሚቴውን ደብዳቤ ማመኔ ነው። የማይ አጣልና የጊንዳ ውሃ በኮሚቴው ቢሮ ውስጥ አራት ሣጥን ሆኖ ተገኝቷል።» ስሟን ሙሉ በሙሉ ጻፈች፤ ወልደትንሣኤ የሚለውን አላሳጠረችም።

«ሆስፒታሉ ያባርርሻል» አለ ሰብሳቢው። «ወንድምሽም ከእንግዲህ ብስክሌት አይነካም። ይህን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ፈርሜም ቢሆን ከእጅዎ አልወጣም ነበር። በሩን ክፈትልኝ፣ አያ።»

ገረዝጊሄር ቁልፉን አወጣ። ሰብሳቢው ስሙን ጠራው፣ ሁለተኛም ጠራው። ቁልፉ ዞረ።

ታች፣ ከሕንጻው በር አጠገብ፣ የእሑድ ውድድር ውጤት የሚለጠፍበት ሰሌዳ አለ። ሳምንቱን ሙሉ የጋራዥ ሠራተኞችና ብስክሌተኞች ሰዓቱን ሊያነቡና ሊከራከሩበት ይሰበሰባሉ። በዝርዝሩ ላይ የኣስመሮም ስም በቀይ መስመር ተሰርዟል። ኣብርሄት ከሰሌዳው አንዱን መርፌ ነቅላ ወረቀቷን ከስሙ ጎን ሰካችው፤ የኮሚቴውንም ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከቦርሳዋ አውጥታ ከሥሩ ሰካች።

ኣስመሮም በደህናው እጁ ክንዷን ያዛት። «ምን አደረግሽ፣ ሓፍተይ?»

«እናቲቱን በረዝኳት» አለችው።

ሰዉ ማንበብ ጀመረ፤ ማንበብ ለማይችል የሚያነብለት ነበረ። ወሬው እየተቀባበለ ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ አንዱ ቀና አለና ሌሎቹም ቀና አሉ። አቶ ተወልደመድኅን ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ቆሟል፤ ከረባቱ አሁንም ጠበቅ እንዳለ ነው። እጁ በሰገነቱ በር መዝጊያ ላይ ነው።

ኣብርሄት ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ መንገድ ማዶ ያሉትም እንዲሰሙ።

«አይዝጉት፣ አቶ ተወልደመድኅን። እዚያው ሆነው፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይመልሱ። እሑድ ቀን የማይ አጣል ውሃ የት ነበር?»